ኤክስኤምኤል ወደ ኦብጀክት ሲለወጥ፦ የገንዘብ መልእክት በኮምፒውተር ውስጥ ትርጉም የሚያገኘው እንዴት ነው?

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በባንክ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ካምፓላ የሚላክ ገንዘብ ራሱ ድንበር አያቋርጥም። ድንበር የሚያቋርጠው መልእክት ነው። አንዱ ባንክ ለሌላው "ይህን ያህል ገንዘብ ለእገሌ ክፈል፤ ሒሳቡን እናወራርዳለን" ብሎ ይጽፋል፤ ተቀባዩ ባንክም መልእክቱን አንብቦ በደንበኛው ሒሳብ ላይ ይመዘግባል።

ይህ መልእክት ለበርካታ ዓመታት የሚጻፈው ባንኮች "ኤምቲ" በሚሉት አጭርና ጠባብ ቅርጽ ነበር። መቀመጫውን ቤልጂየም ያደረገው ስዊፍት የተባለው የባንኮች የመልእክት መረብ እአአ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ "አይኤስኦ 20022" ወደተሰኘው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሸጋገር ጀመረ። ሁለቱ ቅርጾች በድንበር ተሻጋሪ ክፍያ ጎን ለጎን የሠሩበት የሽግግር ጊዜም እአአ በኅዳር 2025 አብቅቷል። አዲሱ መልእክት የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው።

ኤክስኤምኤል ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። በመልእክቱ ውስጥ "1250.50" የሚል ቢገኝ፣ ለኮምፒውተሩ ይህ ገንዘብ አይደለም፤ ቁጥርም አይደለም፤ ተከታትለው የተቀመጡ ሰባት ምልክቶች ናቸው። ጽሑፉ ሊደመር፣ ሊቀነስ ወይም ከሒሳብ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የባንኩ ፕሮግራም ወደ "ኦብጀክት" ከለወጠው በኋላ ነው። ለውጡ የሚፈጸመው ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል። ለዚህም ይሆናል ከቁም ነገር የማይቆጠረው። ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀን፣ ስለ ስምና ስለ አድራሻ አያሌ ውሳኔዎችን ይወስናል፤ አንዳንዶቹንም ማንም ሳያዝዘው ነው።

ቅርጹ

ኤክስኤምኤል የዓለም አቀፉ ድረ ገጽ ጥምረት፣ በምህጻሩ ደብልዩ3ሲ፣ እአአ የካቲት 10 ቀን 1998 ያጸደቀው መስፈርት ነው። መነሻው እአአ በ1986 የወጣውና በግዙፍ የሰነድ ሥራዎች ያገለግል የነበረው ኤስጂኤምኤል ነው። የመስፈርቱ አዘጋጆች ቲም ብሬይ፣ ዣን ፓኦሊና ማይክል ስፐርበርግ-ማክዊን የተወሳሰበውን ቀዳሚ አቅልለው፣ ሰውም ማሽንም ሊያነበው የሚችል አድርገው አቀረቡት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ መለያ፣ ማለትም በታግ፣ መካከል ይቀመጣል፤ አንዱ መለያ ሌላውን በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው እውነተኛው የባንክ መልእክት ሳይሆን ለማስረዳት ያህል ያጠረ ናሙና ነው።

<ክፍያ ቁጥር="0417">
  <ላኪ>
    <ስም>አበበ ከበደ</ስም>
    <ከተማ>ዱባይ</ከተማ>
  </ላኪ>
  <መጠን ምንዛሬ="ዶላር">1250.50</መጠን>
  <ቀን>2025-11-24</ቀን>
</ክፍያ>

ይህን የሚያነብ ሰው ጉዳዩን ወዲያው ይረዳዋል። ፕሮግራሙ የሚያየው ግን ግንድ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ያለው ዛፍ ብቻ ነው፦ "ክፍያ" ግንዱ፣ "ላኪ" ቅርንጫፉ፣ "አበበ ከበደ" ቅጠሉ። "መጠን" የሚለው ቃል ገንዘብን እንደሚያመለክት፣ "ቀን" ደግሞ በዘመን አቆጣጠር እንደሚለካ ዛፉ አይናገርም።

ከቅጽ ወደ ኦብጀክት

እንደ ጃቫ፣ ሲ ሻርፕና ፓይተን ባሉ በኦብጀክት ላይ በተመሠረቱ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሥራው የሚጀምረው "ክላስ" በመጻፍ ነው። ክላስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ከሚታደለው ባዶ ቅጽ ጋር ይመሳሰላል፤ ምን እንደሚጠየቅና በየክፍት ቦታው ምን ዓይነት መልስ እንደሚገባ አስቀድሞ ይደነግጋል። ኦብጀክት ደግሞ ያው ቅጽ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ጉዳይ ተሞልቶ ሲገኝ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ቅጽ ሥራም መሥራት መቻሉ ነው። "ክፍያ" የተባለ ኦብጀክት የአገልግሎት ክፍያውን አስልቶ ሊቀንስ፣ ከዜሮ በታች የሆነ መጠን ሲመጣበት አልቀበልም ሊል፣ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም ራሱን ሊቆልፍ ይችላል።

ጽሑፉ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ "ፓርሰር" የሚባለው አንባቢ ምልክቶቹን እየተከታተለ መለያዎቹ በትክክል መከፈታቸውንና መዘጋታቸውን ያረጋግጣል። ቀጥሎ "ባይንዲንግ" የሚባለው ሥራ እያንዳንዱን ቅጠል በክላሱ ውስጥ ካለው ተመሳሳይ ቦታ ጋር ያገናኘዋል።

የማንበቡ ሥራ ሁለት መንገድ አለው። እአአ በጥቅምት 1998 መስፈርት የሆነው "ዶም" ሰነዱን በሙሉ አንብቦ ዛፉን በማስታወሻ ውስጥ ይተክላል። ለትንሽ መልእክት ምቹ ነው፤ የአንድ ቀን ክፍያዎችን ሁሉ በያዘ ግዙፍ ፋይል ላይ ግን ከፋይሉ መጠን በብዙ የሚበልጥ ማስታወሻ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት የጃቫ ፕሮግራመሮች በኅብረት ያዘጋጁትና በዴቪድ ሜጊንሰን አስተባባሪነት የወጣው "ሳክስ" በተቃራኒው ምንም ነገር አያከማችም፤ እያነበበ ሲሄድ "አሁን መለያ ተከፈተ፣ አሁን ጽሑፍ መጣ፣ አሁን መለያ ተዘጋ" እያለ ያሳውቃል። ዶም መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ እንደሚያስቀምጥ ጸሐፊ፣ ሳክስ ደግሞ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ አንባቢ ነው፤ ያነበበውን መያዝ የአድማጩ ፋንታ ነው።

የማገናኘቱን ሥራ ቀደም ሲል ፕሮግራመሩ በእጁ ይጽፈው ነበር፦ "ስም የሚለውን መለያ ፈልግ፣ ውስጡን አውጣ፣ በላኪው ስም ቦታ አስቀምጥ" እያለ በየመለያው። መቶ መለያ ላለው መልእክት ይህ አሰልቺ ብቻ ሳይሆን ስሕተት የሚጋብዝ ነው። ማይክሮሶፍት እአአ በ2002 ከመጀመሪያው የዶት ኔት ስሪት ጋር "ኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘር"ን ሲያወጣ፣ ጃቫ ደግሞ እአአ በ2003 "ጃክስቢ"ን አገኘች። ሁለቱም ክላሱን አይተው ግንኙነቱን በራሳቸው ይሠራሉ። መልእክቱ ምን ዓይነት መለያ እንደሚይዝ የሚደነግግ "ስኪማ" የተባለ ሰነድ ካለም፣ መሣሪያዎቹ ክላሶቹን ራሳቸውን ከስኪማው ማመንጨት ይችላሉ። አይኤስኦ 20022 ለእያንዳንዱ የመልእክት ዓይነት ስኪማ አለው፤ "ፓክስ 008" የተባለው የደንበኛ ክፍያ መልእክት የገንዘቡ መጠን በጠቅላላው ከ18 አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ ከአምስት አሃዝ እንዳይበልጥ የሚደነግገው በዚህ መንገድ ነው።

ዝም ብለው የሚያልፉ ስሕተቶች

መለያው ያልተዘጋ ሰነድ አደገኛ አይደለም። ማንኛውም ፓርሰር ጮኾ ይቆማል፤ ችግሩም በዚያው ይታወቃል። የሚያስፈራው ለውጡ የተሳካ መስሎ ኦብጀክቱ ግን የተሳሳተ ነገር ይዞ ሲወጣ ነው።

ነጥብና ሰረዝን እንውሰድ። በቀድሞው የኤምቲ መልእክት ሙሉውን ቁጥር ከሽርፍራፊው የሚለየው ነጠላ ሰረዝ ነበር፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም "1250,50" ተብሎ ይጻፍ ነበር። በኤክስኤምኤል መስፈርት ግን የሚፈቀደው ነጥብ ብቻ ነው። ሰረዝን የሺህ መለያ አድርገው የሚቆጥሩ የፕሮግራም ቅንብሮች አሉ፤ የእነርሱ የቁጥር አንባቢ "1250,50" የሚል ሲያገኝ ሰረዙን ጥሎ 125050 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ስሕተቱ መቶ እጥፍ ነው። ሁለቱ ቅርጾች ጎን ለጎን በሠሩባቸው ዓመታት አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይሩ ፕሮግራሞችን የጻፉ ባለሙያዎች ይህን በተለይ መጠንቀቅ ነበረባቸው።

ቁጥሩ በትክክል ቢነበብ እንኳ የሚቀመጥበት ዓይነት ጉዳይ ነው። "ደብል" በተባለው የተለመደ የቁጥር ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ውጤቱ 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ ሲቆጥር አንድ አሥረኛን በትክክል መጻፍ አይችልም። ለአንድ ክፍያ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም። በሚሊዮን ክፍያዎች ድምር ግን መዝገብ አይገጥምም። ስለዚህ ገንዘብ የሚነካ ክላስ በጃቫ "ቢግ ዴሲማል"ን፣ በሲ ሻርፕ "ዴሲማል"ን ይጠቀማል፤ የማይጠቀም ካለ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ገንዘብ ቆጥሮ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው የጎደለ መረጃ ጉዳይ ነው። በጃቫ "ኢንት" የተባለው የቁጥር ዓይነት ባዶ መሆን አይችልም፤ የሚያስቀምጠው ካጣ ዜሮ ይይዛል። በመልእክቱ ውስጥ መለያው ጭራሽ ከሌለ፣ ኦብጀክቱ "አልተነገረኝም" በማለት ፋንታ "ዜሮ ነው" ይላል።

ይህ ከባንክ ይልቅ በዕርዳታ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ በጤና ጥናትና በተፈናቃዮች ምዝገባ ላይ የሚውሉት "ኦፕን ዳታ ኪት" እና "ኮቦ ቱልቦክስ" የተሰኙት የስልክ ቅጾች የተሞላውን መረጃ የሚልኩት በኤክስኤምኤል ነው። መዝጋቢው አንዲትን እናት "ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ስንት ልጆች አሉሽ?" ብሎ ሲጠይቅ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊደርሱ ይችላሉ፦ "የለኝም" ብላ 0 ሊጻፍ ይችላል፤ ጥያቄው ቀርቦላት ሳትመልስ ቀርታ መለያው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከዚያ በፊት በሰጠችው መልስ ምክንያት ጥያቄው ጨርሶ ሳይቀርብ ቀርቶ መለያውም ላይኖር ይችላል። ኤክስኤምኤሉ ሦስቱንም ለይቶ ይዟል። በግድየለሽነት የተጻፈ ክላስ ሦስቱንም ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ አልሚ ምግብ በዚህ መዝገብ የሚከፋፈል ከሆነ ልጆቹ ከቁጥር ይወጣሉ። መፍትሔው ባዶ መሆን የሚችል የቁጥር ዓይነት መምረጥ ብቻ ነው፤ በጃቫ "ኢንት"ን ወደ "ኢንቲጀር" መቀየር። አንድ ቃል ነው።

መሣሪያዎቹ ራሳቸውም ጠባያቸው አንድ አይደለም። የቁጥር ቦታ ላይ ፊደል ቢመጣ የዶት ኔቱ ሲሪያላይዘር ሥራውን አቁሞ ስሕተት ያስታውቃል። ጃክስቢ ደግሞ ከሁለተኛው ስሪቱ ጀምሮ፣ ፕሮግራመሩ ካልከለከለው በስተቀር፣ ያልገባውን ዋጋ ትቶ ይቀጥላል። የማያውቁትን መለያ ደግሞ ሁለቱም በነባሪ ቅንብራቸው ዘለው ያልፋሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ለአማርኛ የራሱ መዘዝ አለው። ኤክስኤምኤል ስሞችን የሚያነጻጽረው በፊደል እንጂ በድምፅ አይደለም። በላቲን የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያምታቱ እንደሚቸገሩ ሁሉ፣ በግእዝ ፊደል የሚጽፍ ደግሞ "ሰ" እና "ሠ"፣ "ሀ" እና "ሐ"፣ "ጸ" እና "ፀ" ይፈትኑታል። ክላሱ "ስም" የሚል መለያ ሲጠብቅ ሰነዱ "ሥም" ይዞ ቢመጣ፣ ለሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን እንግዳ መለያ ነው። ይዘለዋል። የላኪው ስምም ባዶ ሆኖ ይቀራል።

በባንክ መልእክቶች ተመሳሳዩ ችግር የሚመጣው "ኔምስፔስ" በተባለው የመለያዎች የቤተሰብ ስም ነው። የፓክስ 008 ቤተሰብ ስም የመልእክቱን ስሪት ቁጥር ጭምር ይዟል፤ መስፈርቱ ታድሶ ስሪቱ ሲቀየር የእያንዳንዱ መለያ ሙሉ ስም አብሮ ይቀየራል። ለዐይን ምንም ልዩነት የሌለው መልእክት ትናንት በተጻፈ ክላስ የማይነበብበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጳጉሜን የማያውቀው መስፈርት

የኤክስኤምኤል ስኪማ እአአ በግንቦት 2001 ሲጸድቅ ለቀን ያስቀመጠው ቅርጽ ዓመት፣ ወርና ቀን በጭረት እየተለያዩ የሚጻፉበት ሲሆን፣ የዘመን አቆጣጠሩ ጎርጎርዮሳዊ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም።

ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ቅጽ ጳጉሜን 3 ቀን 2016ን "2016-13-03" ብሎ ቢልክ ስኪማው አይቀበለውም። ጥቅምት 30 "2016-02-30" ተብሎ ቢጻፍም እንዲሁ፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። እነዚህ የታደሉት ስሕተቶች ናቸው፤ በሩ ላይ ይያዛሉ። የሚያሳስበው ጥር ነው። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2016 የተወለደ ሕፃን "2016-05-11" ተብሎ ከተመዘገበ፣ ቁጥሩ በሁለቱም አቆጣጠር የሚሆን ቀን ነው። ፕሮግራሙ ሳያመነታ እአአ ግንቦት 11 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል። ሕፃኑ የተወለደው ግን እአአ ጥር 20 ቀን 2024 ነው። በኦብጀክቱ ውስጥ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ያለ ዕድሜው ይጨመርለታል፤ የክትባት ቀጠሮውን የሚያሰላው ፕሮግራምም የትምህርት ቤት ልጅ አድርጎ ያየዋል።

ሰዓቱም ከዚህ አይተናነስም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ "02:00" የጻፈ ሰው፣ ለፕሮግራሙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ነግሮታል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 08:00 ማለቱ እንደሆነ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

ጆዳ ታይም የተባለው የጃቫ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ አይሲዩ የተሰኘው የዩኒኮድ መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ። ግን ማንም ካልነገራቸው ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ማወቅ አይችሉም፤ መረጃው በኤክስኤምኤሉ ውስጥ መኖር አለበት። ጠንቃቃ ቅጽ አዘጋጆች መለያው ላይ አቆጣጠሩን የሚገልጽ ቃል ይጨምራሉ፤ ወይም ስልኩ ላይ የኢትዮጵያን ቀን እያሳዩ የሚልኩትን ግን አስቀድመው ወደ ጎርጎርዮሳዊ ይቀይሩታል። ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል፤ የሚቀበለው ወገን ስለ ጳጉሜን ሰምቶ እንደሚያውቅ ዋስትና ስለሌለ።

የአያት ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ

ክላስ ቅጽ ነው ከተባለ፣ ቅጹን ማን አዘጋጀው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። "የግል ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት ቦታዎች ብቻ ያሉት ክላስ በኢትዮጵያና በኤርትራ፣ በአብዛኛው በሶማሊያም፣ የሚሠራበትን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል አይገልጽም። ውጤቱን በውጭ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ የአባት ስም አንድ ቦታ ላይ የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ የአያት ስም ያንን ቦታ ይይዛል፤ አንድ ሰውም በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ፓክስ 008 በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ለስም ያዘጋጀው አንድ ያልተከፋፈለ ቦታ ሲሆን እስከ 140 ምልክት ይይዛል። በአንጻሩ የቀድሞው ኤምቲ 103 ስምና አድራሻን አንድ ላይ በአራት መስመር፣ በየመስመሩ 35 ምልክት አጭቆ ያስገባ ነበር።

አድራሻ ላይ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ስዊፍት እአአ ከኅዳር 2026 በኋላ በነጻ የተጻፈ አድራሻ በድንበር ተሻጋሪ ክፍያ ተቀባይነት እንደማይኖረው አሳውቋል፤ ቢያንስ የከተማውና የአገሩ ስም በየራሳቸው መለያ ውስጥ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። መስፈርቱ ለመንገድ ስም፣ ለሕንፃ ቁጥርና ለፖስታ ኮድም ቦታ አለው። የአዲስ አበባ ነዋሪ አድራሻውን የሚናገረው በክፍለ ከተማ፣ በወረዳና በቤት ቁጥር ነው። ክፍለ ከተማው መስፈርቱ ለአውራጃ ባዘጋጀው መለያ ይገባ ይሆን፣ ወይስ ለከተማ ውስጥ አካባቢ በተዘጋጀው? ወረዳውስ? ባንኮች እርስ በርስ ካልተስማሙ አንዱ ባንክ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያደርገዋል፤ ሁለቱም መልእክቶች ስኪማውን ያልፋሉ፤ ሁለቱ ኦብጀክቶች ግን አይመሳሰሉም። የተከለከሉ ሰዎችን ዝርዝር ከክፍያ ጋር የሚያመሳክረው ፕሮግራም የሚሠራው በእነዚህ ኦብጀክቶች ላይ ነው፤ ስሙ ከሌላ ሰው ጋር የተመሳሰለበት ተቀባይ ገንዘቡ የሚያዝበት ወይም የሚለቀቅለት አድራሻው በለየው መጠን ነው።

በመልእክት የሚገባ ጥቃት

እስካሁን የተነሡት ስሕተቶች ክፉ ሐሳብ የሌለባቸው ናቸው። ኤክስኤምኤል ግን ከኤስጂኤምኤል የወረሰው አንድ አሮጌ ችሎታ አለው፦ ሰነዱ በራሱ ውስጥ አሕጽሮት ሊደነግግና ፓርሰሩ አሕጽሮቱን ባገኘበት ሁሉ እንዲተካ ሊያዝ ይችላል።

ይህን የሚጠቀም "ቢሊየን ላፍስ" የሚባል የታወቀ ጥቃት አለ። ሰነዱ አንድ አጭር ቃል ይደነግጋል፤ ቀጥሎ ቃሉን አሥር ጊዜ የሚደግም አሕጽሮት፣ ቀጥሎ ያንን አሥር ጊዜ የሚደግም ሌላ፣ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ደረጃ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ባይት የማይበልጠው ጽሑፍ ሲፈታ አንድ ቢሊየን ቃል ይሆናል፤ ሦስት ጊጋ ባይት ያህል ማስታወሻ ይውጣል፤ ኮምፒውተሩም ይዝላል።

ሁለተኛው ጥቃት ድምፅ የለውም። አሕጽሮቱ ቃል ከመሆን ይልቅ "በዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለውን እገሌ የተባለ ፋይል አምጣ" ሊል ይችላል። የዋህ ፓርሰር ፋይሉን አንብቦ በላኪው ስም ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙም "ውድ እገሌ፣ ክፍያዎ ደርሷል" ብሎ ሲመልስ የምስጢር ፋይሉን ይዘት ለጠያቂው ያደርሳል። ኦዋስፕ የተባለው የደኅንነት ተቋም እአአ በ2017 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ይህን በአራተኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር። መከላከያው አንድ ነው፦ ፓርሰሩ በሰነድ ውስጥ የሚመጣ ድንጋጌን ጨርሶ እንዳይቀበል ማድረግ። አዳዲስ የዶት ኔት ስሪቶች የውጭ ፋይል ማምጣትን በነባሪ ይከለክላሉ፤ ጃቫ ግን በአብዛኛው ለፕሮግራመሩ ትተወዋለች።

ሦስተኛው በቀጥታ ከኦብጀክት ጋር የተያያዘ ነው። ጃክስቢ የሚፈጥረው አስቀድሞ የተነገሩትን ክላሶች ብቻ ነው። "ኤክስስትሪም" የተሰኘው የጃቫ መሣሪያ ግን ለብዙ ዓመታት የሚፈጠረው ክላስ ስም በራሱ በኤክስኤምኤሉ እንዲጠቀስ ይፈቅድ ነበር። ይህ ማለት ምን ዓይነት ኦብጀክት እንደሚሠራ የሚመርጠው የመልእክቱ ላኪ ነው፤ ላኪው ደግሞ ሲፈጠር ትእዛዝ የሚያስፈጽም ክላስ ሊመርጥ ይችላል። እአአ በመስከረም 2017 "አፓቼ ስትራትስ" በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ ማንም ሰው በርቀት አንድ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ልኮ በአገልጋዩ ኮምፒውተር ላይ የፈለገውን ማስኬድ ያስችለው ነበር።

አሁንም በሥራ ላይ

አዳዲስ የድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡት በአብዛኛው "ጄሰን" በተባለው ቀለል ያለ ቅርጽ ነው። ይህ ማለት ግን ኤክስኤምኤል ጡረታ ወጣ ማለት አይደለም። እአአ ከ2007ቱ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ጀምሮ የዎርድ ሰነድ በውስጡ ኤክስኤምኤል ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያ ገጽ የሚነደፈው በኤክስኤምኤል ሊሆን ይችላል፤ ስልኩም ያንን ወደ ቁልፍ፣ ወደ ሥዕልና ወደ ጽሑፍ ኦብጀክት ይለውጠዋል፤ በመተግበሪያው ላይ የሚታየው የአማርኛ ጽሑፍም የራሱ የኤክስኤምኤል ፋይል አለው።

የሚያረጁት መሣሪያዎቹ ናቸው። ጃክስቢ ለዓመታት ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ እአአ በመስከረም 2018 በወጣው ጃቫ 11 ተወገደ፤ ዛሬ "ጃካርታ" በሚል ስም ለብቻው ይወርዳል። ጃቫን ብቻ አድሰው ይህን ያላወቁ መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት የሠራ ፕሮግራማቸው በማግስቱ አልነሣ ብሏቸዋል።

ከላይ በናሙናነት የቀረበው ሰነድ መለያዎቹን በግእዝ ፊደል የጻፈ ነው። ይህ ሁልጊዜ የሚፈቀድ አልነበረም። ኤክስኤምኤል እአአ በ1998 ሲጸድቅ ለመለያ ስም የሚሆኑ ፊደላትን የዘረዘረው በጊዜው ከነበረው ዩኒኮድ 2.0 ነው፤ የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ስለዚህ በመለያዎቹ መካከል አማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር፤ መለያውን ራሱን በአማርኛ መሰየም ግን ደንብ መጣስ ነበር። እአአ በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ክልከላውን ቢያነሣም ብዙ ተከታይ አላገኘም። በዋናው መስፈርት ላይ የተነሣው እአአ በኅዳር 2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው። የቀድሞውን ዝርዝር የሚከተሉ ፓርሰሮች ግን ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ ናሙናው ለእነርሱ ቢሰጥ ከመጀመሪያው መለያ፣ "ክፍያ" ከሚለው ቃል፣ አያልፉም።